በአዘዞ፥ ከቤተ ሰብ ጋር በአንድ መሶብ

አገር ለማየት ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የሚነሣ ሰው ስንቁን ያዘጋጃል። በአገልግሉ ውስጥ ዳቦ፥ ቋንጣና ዳቦ ቆሎ፥ ለሕፃናቱም በሶ ይይዛል፤ ይህም መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ስንቅ ለመንገድ እንጂ ለደረሱበት አገር አይደለም። ግንቡን አይቶ፥ ሥዕሉን አድንቆ፥ የአገሩን እንጀራ ሳይቀምስ የሚመለስ እንግዳ፥ የአገሩን ግማሽ ሳያይ ተመለሰ ልንለው እንችላለን። ምክንያቱም ግንብን የሚያሠሩ ነገሥታት ሲሆኑ፥ ማዕድን የሚሠራው ግን መላው ሕዝብ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለቤተ ሰብ ገጽ አንባብያን በአዘዞ ስለሚገኘው ማዕድ ጥቂት ቃል ልንጽፍ ወደድን።

አዘዞ ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ስፍራ ናት። በአውሮፕላን ወደ ጎንደር የሚመጣ እንግዳ በዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወርድ አስቀድሞ የሚረግጠው የአዘዞን መሬት ነው። ብዙዎች ግን ልባቸው ወደ ፋሲል ግንብ ስለሚቸኩል ሳያዩአት ያልፋሉ። እኛ በዚያ ያረፍንበት ምክንያት አዘዞ የመንገዶች መገናኛ መሆኗ ነው። አንዱ መንገድ በስተሰሜን ወደ ጎንደር፥ ከዚያም ወደ ወገራና ወደ ደባርቅ ደጋ ይወጣል፤ ሁለተኛው በደምቢያ ሜዳ በኩል ወደ ጎርጎራና ወደ ጣና ሐይቅ ይወርዳል፤ ሦስተኛው ወደ መተማ ቆላና ወደ ሱዳን ወሰን ይሄዳል፤ አራተኛው ፎገራን አልፎ ወደ ባሕር ዳር ያደርሳል።

አራቱ መንገዶች የሚገናኙት በመሬት ብቻ አይደለም፤ በመሶቡም ላይ ይገናኛሉ። እንጀራው የደምቢያ ጤፍ ነው፤ ሽሮው ከዚያው ሜዳ ሽምብራ፥ ዘይቱም ከኑጉ ይገኛል። ገብሱና ባቄላው ከወገራ ደጋ ይወርዳል። ሰሊጡና ማሽላው ከቆላው ይወጣል። ቆሮሶና አምባዛ የተባሉት ዓሦች ከጣና ይመጣሉ፤ ቡናውም ከዚያው ሐይቅ ዳር ከዘጌ ሊሆን ይችላል። ከቅርብ ዘመን ወዲህ ደግሞ የፎገራ ሩዝ ተጨምሮ፥ ዱቄቱ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ የተጋገረ እንጀራ ይቀርባል። እንግዲህ ልጁን መልክዐ ምድር ሊያስተምር የሚወድ አባት መሶቡ ሲከፈት፥ «ይህ ከወዴት መጣ?» ብሎ ቢጠይቀው፥ ከካርታ ይልቅ ፈጥኖ ይገባዋል።

የደረስንበት ቀን ረቡዕ ነበር። ባለቤቲቱ በደጃፏ ቆማ፥ «ቤት ለእንቦሳ!» ብላ ተቀበለችን፤ እኛም፥ «እንቦሳ እሰሩ!» ብለን ገባን። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃችን የጎንደርን ዶሮ ወጥ ዝና ሲሰማ የኖረ ስለ ሆነ፥ የጾም ወጥ መቅረቡን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ባለቤቲቱም ይህን አስተውላ፥ «አፈር ስሆን፥ ለልጆቹ እንቁላል ልጥበስላቸው፤ መንገደኛና ሕፃን አይገደድም» አለች። ለታናሺቱ እንዲደረግላት ፈቀድን። ለታላቁ ግን፥ «አንተ እንደ ወደድህ፤ ነገር ግን አስቀድመህ የተቀመጥህበትን ስፍራ ታሪክ ስማ» አልነው።

ታሪኩ ይህ ነው። ጎንደር በዐፄ ፋሲለደስ እጅ በ1628 ዓ.ም. ሳትቆረቆር በፊት፥ አባታቸው ዐፄ ሱስንዮስ በአዘዞ ገነተ ኢየሱስ የተባለውን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ነበር። ስሙ እንደሚያመለክተው ስፍራው የአትክልት ቦታና የውኃ ገንዳ ነበረው፤ ከ1998 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት የእስፓኝ የጥንት ቅርስ ተመራማሪዎች ስፍራውን ቆፍረው ፍርስራሹን መርምረዋል። ንጉሡ በኢየሱሳውያን መምህራን ትምህርት ተስበው በ1614 ዓ.ም. የሮምን ሃይማኖት መቀበላቸውን በይፋ ገለጹ። በ1617 ዓ.ም. ፓትርያርክ ተብለው የተላኩት አልፎንሶ ሜንዴዝ ከገቡ በኋላ፥ የበዓላቱና የአጽዋማቱ ሥርዓት በሮም ልማድ እንዲሆን ታዘዘ። ሕዝቡ ግን ከአባቶቹ የተቀበለውን ሥርዓት እንዲለቅ መታዘዙን እንደ ታላቅ መከራ ቈጠረው። ዐመፅም በየአውራጃው በተነሣ ጊዜ፥ ሕዝቡን ለማብረድ ከተፈቀዱት ነገሮች አንዱ፥ የወደደ ሰው በቅዳሜ ፈንታ ረቡዕን ይጹም የሚል ነበር። ይህም አልበቃም። በወይና ደጋ ብዙ ሺህ ወገን በወገኑ እጅ ከወደቀ በኋላ፥ ንጉሡ በ1624 ዓ.ም. የቀደመችው ሃይማኖት ትመለስ ብለው ዐወጁ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ተዉ። ጥቂት ወራት ቈይተው ዐረፉና በገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ።

ይህን የምንጽፈው የቆየ ክርክር ለመቀስቀስ አይደለም፤ ዛሬ ሁሉም በየሃይማኖቱ በአንድ አገር በሰላም መኖር የሚገባው ነው። ነገር ግን ልጅ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም በረቡዕ ቀን የሚቀርብ አንድ ሳሕን ሽሮ የድኅነት ምልክት አለመሆኑን፥ ሰዎች ዙፋን እስኪናወጥ ድረስ የቆሙለት ሥርዓት መሆኑን ነው። ልጃችን ነገሩን ሰምቶ ዝም አለ፤ ከዚያም እጁን ታጥቦ ወደ መሶቡ ቀረበ።

ማዕዱም ቢሆን የሚናቅ አልነበረም። ሽሮው በኑግ ዘይት ተሠርቶ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበታል፤ የምስር ወጥ፥ የክክ አልጫ፥ ጎመንና ስንግ ቃሪያ በዙሪያው ተደርድረዋል። ከሁሉ ይልቅ ያደነቅነው ስልጆውን ነው። ሱፉ ተወቅጦና ተጠልሎ እንደ ወተት ከሆነ በኋላ፥ ከባቄላ ዱቄት ጋር በእሳት ላይ እየተማሰለ ይበስላል፤ ሲበርድ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ተጨምሮበት ጥቂት ቀናት እስኪኮመጥጥ ይቀመጣል። ሽታው አፍንጫን ይሰነፍጣል፤ ከትኩስ እንጀራ ጋር ሲቀመስ ግን ሥጋን ያስረሳል። ልጃችን ሁለት ጊዜ ጨመረ፤ ባለቤቲቱም በደስታ ጐረሠችው።

ከማዕዱ በኋላ ጠላ ቀረበ። ጠላን የሚጠጣ ብዙ ነው፤ ድካሙን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፥ በወይራ ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾ በውኃ ተዘፍዝፎ ይጠነሰሳል፤ ቀናት አልፈው የብቅል ዱቄትና የተቈረሰ ቂጣ ይገባበታል። ከዚያም እህሉ በምጣድ እስኪጠቁር ተቈልቶና ተፈጭቶ ይጨመርና ድፍድፍ ይሆናል፤ በመጨረሻም በውኃ ተበጥብጦ፥ ጋኑ ታፍኖ፥ እስኪጠልል ይቈያል። ቀለሙ ጠቆር ያለ፥ ጣዕሙ መረር ብሎ የጢስ ሽታ ያለው የሚሆነው ስለዚህ ነው። ከመጀመሪያው ውኃ ተዘፍዝፎ እስከሚቀዳበት ቀን ድረስ ከሳምንት የሚበልጥ የአንዲት ሴት ትጋት በዋንጫው ውስጥ አለ። በጠርሙስ የታሸገ ቢራ በየመደብሩ በሚገኝበት በዛሬው ዘመን፥ ይህን ጥበብ ከእናቷ የምትማር ልጅ ካልተገኘች፥ ከአንድ ትውልድ በኋላ ጋኑ የቤተ መዘክር ዕቃ ሆኖ እንዳይቀር ያሠጋል።

ስለ መጠጡ አንድ ምክር እንጨምራለን። የአገራችን ባለቤት እንግዳዋን፥ «በሞቴ፥ አንድ ድገሙልኝ» ማለት ፍቅሯ ነው፤ እንግዳውም አመስግኖ በልክ ማቆም ጨዋነቱ ነው። አባት በልጆቹ ፊት ሲሰክር ያዩ ሕፃናት የሚያስታውሱት ግንቡን ሳይሆን ውርደቱን ይሆናል። ለልጆች ጠላ መስጠትም አይገባም፤ ያልፈላ ብርዝ ሲገኝ እርሱ ይበቃቸዋል።

እንግዲህ፥ የተከበራችሁ አንባብያን፥ ከቤተ ሰባችሁ ጋር አገር ለማየት ስትነሡ ይህን አስቡ። በቤታችሁ የለመዳችሁትን በሰው አገር አትፈልጉ፤ ቀኑ ያመጣውን፥ መሬቱ ያበቀለውን በምስጋና ተቀበሉ። የምግቡን ዋጋ ስትከፍሉ፥ የዱቄቱንና የእንጨቱን ብቻ ሳይሆን የእጅዋንም ሙያ አስባችሁ ክፈሉ። ልጆቻችሁም ወጡን የሠራችውን እመቤት ቀርበው፥ «እማማ፥ እጅዎን ይባርክ» እንዲሉ አስተምሩአቸው። ግንብ ቢፈርስ ጠጋኝ ይገኝለታል፤ የማዕድ ሥርዓት ግን የሚጠበቀው ልጅ ከእናቱ ሲማር፥ እንግዳም ሲያከብረው ብቻ ነው።