የአስታማሚዋ አንገት

የታመመ ሰው አስታማሚ ያስፈልገዋል የማይል የለም፤ አስታማሚዋ በታመመች ጊዜ ግን እርሷን የሚያስታምም ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በደብረ ማርቆስ ከተማ በነርስነት ሥራ የምትኖረው የታናሽ እኅቴ የአንገት ሕመም ነው። ሕመሙ ከጀመራት ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ባለፈው ክረምትም በርትቶባት ሥራዬን ልተው እስከ ማለት አድርሷት ነበር።

የነርስነት ሥራ ክቡር መሆኑን ለአንባቢ ማስረዳት አያሻም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን ከተማ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው በ1931 ዓ.ም. ነርስ መሆናቸው በቂ ምስክር ነው። ነገር ግን ክብር አንገትን ከሕመም አያድንም። የሰው ራስ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ይህንንም የሚሸከሙት 7 ትናንሽ አጥንቶችና በዙሪያቸው ያሉት ጡንቻዎች ናቸው። ራስ ቀና ሲል ሸክሙ በአጥንቶቹ ላይ ያርፋል፤ ወደ ፊት ባዘነበለ ጊዜ ግን ጡንቻዎቹ እጅግ ይደክማሉ። ነርስም ቀኑን ሙሉ አጎንብሳ ቁስል ታጥባለች፤ መርፌ ትወጋለች፤ በሽተኛ ታነሣለች፤ የሌሊት ተረኛ ስትሆን በደጋው ብርድ ትከሻዋን ሰብስባ ታነጋለች። ቤቷ ስትገባም ምጣዱና ልጁ ይጠብቋታል።

እኅቴ በመጀመሪያ ወደ ወጌሻ ሄደች። ወጌሻውም በቅቤ አሽቷት ሁለት ቀን ዐረፈች፤ በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ትምህርት የተማረ ባለሙያ አገኘች። እርሱም መርምሮ የደረቀውን ጡንቻ በእጁ በቀስታ ካፍታታ በኋላ፣ «የእኔ እጅ መንገዱን ይከፍታል፤ የሚሄዱበት ግን እርስዎ ነዎት» አላት። ምክንያቱም እሽት ሕመሙን ያስታግሣል እንጂ የደከመውን ጡንቻ አያበረታም፤ የሚያበረታው ዘወትር የሚደረግ እንቅስቃሴ ነው።

ያስተማራትም ይህ ነው፤ ቀና ብሎ ተቀምጦ በአፍንጫ ረጅም ትንፋሽ መሳብ፤ ትንፋሹን እያወጡ ራስን በዝግታ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎም ወደ ግራ ማዞር፤ አገጭን በጥቂቱ ወደ ኋላ መሳብ፤ ሁለቱን ትከሻ ወደ ኋላ ሰብስቦ መልቀቅ። ይህን ሁሉ ልቡናን ሰብስቦ፣ ጠዋትና ማታ ዐሥር ዐሥር ደቂቃ ማድረግ ይገባል። ሕመምን የሚፈራ ሰው ሳያውቀው አንገቱን ያጠነክራል፤ የጠነከረውም አንገት ሕመሙን ያብሳል። የረጋ ትንፋሽና የረጋ ልብ ግን ይህን ቋጠሮ ይፈታሉ።

የቻይናው ቺጎንግና የህንዱ ዮጋ የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ለጎጃም ሰውም ነገሩ እንግዳ አይመስለኝም፤ ሊቃውንቱ በማኅሌት ሌሊቱን ሙሉ ቆመው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ከዜማው ጋር በዝግታ ሲያሸበሽቡ አይተናል። ይህ ለጸሎት እንጂ ለሕክምና የተሠራ አይደለም፤ ነገር ግን ሥጋና ልቡና አብረው ሲረጉ ምን እንደሚመስል ያሳየናል።

ሆኖም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ክንድ የሚደነዝዝ ወይም የሚዝል ቢሆን፣ ትኩሳት ቢኖር፣ ወይም ሕመሙ ከመውደቅ በኋላ የመጣ ቢሆን ከእሽት በፊት ሐኪም ሊያየው ይገባል። አንገትን በድንገት ጠምዝዞ ማንቋቋትም ወደ አንጎል ደም የሚወስደውን የደም ሥር ሊጐዳ ስለሚችል ማንም በዘፈቀደ አይሞክረው።

እኅቴ ዛሬ ፈጽማ ድናለች አልልም፤ ነገር ግን ሌሊት ትተኛለች፤ ሥራዋንም አልተወችም። ለዚህም የባሏ ድርሻ ታላቅ ነው፤ የውኃውን ጀሪካን እርሱ ማንሣት ጀምሯልና።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ የምታዝዙ ሹማምንት፣ በሽተኛ የሚነሣው በሁለት ሰው እንዲሆን፣ አልጋውም እንደ አስታማሚዋ ቁመት ከፍ እንዲል ብታደርጉ ብዙ አንገት ትታደጋላችሁ። በየቤታችሁም ነርስ የሆነች ሚስት፣ እኅት ወይም ልጅ ያላችሁ፣ ማታ ስትገባ ዐሥሩን ደቂቃ አትንፈጓት።