ሚሕራቡ ላይ የያዘን ፍርሃት



ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ሐይቅ ከተማ በምናገለግልበት መስጂድ ኢማማችን ለለቅሶ ወጥተው መግሪብን እኛ አሰገድን። ሁለተኛው ረከዓ ላይ ልባችን ያለ ምክንያት ይመታ ጀመር። ትንፋሽ አጠረን፣ ጣቶቻችን ደነዘዙ፣ ከልጅነታችን ጀምሮ የሐፈዝነው ሱረቱ ዱሓ ጠፋን። "እዚሁ ልንሞት ነው" አልን። ከኋላችን የነበሩትን አባት እጃቸውን ይዘን አስቀደምንና ወጣን። ሰይዲና ዑመር ፈጅር ላይ በተወጉ ጊዜ ዐብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍን እንዲህ እንዳስቀደሙ ቀርተናል። እሳቸው ግን ቁስላቸው ይታይ ነበር። እኛ ለጀመዓው የምናሳየው ምን አለን?

ደሴ ሄደን ልባችንም ደማችንም ተመረመረ። ምንም አልተገኘም። ሐኪሙ "ፓኒክ አታክ ነው" አሉን። ሰውነት አደጋ ሳይኖር የአደጋ ደወል ይደውላል፤ ልብ ይሮጣል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል። ትንፋሽ ከልክ በላይ ሲፈጥን በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ማዞሩና የጣት መደንዘዙ ከዚያ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርስና ይበርዳል። ያስፈራል እንጂ አይገድልም። (ደረቱን የሚያመው ሰው ግን "ፓኒክ ነው" ብሎ ቤቱ አይቀመጥ፤ መጀመሪያ ይመርመር።)

ይህን ስንሰማ ከደስታ ይልቅ እፍረት ያዘን። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ በአምባሰልና በሐይቅ ካለፈ በኋላ፣ ከውጫሌ በኩል የመጣ አንድ ወጣት "ጁሙዓ ላይ ሰው ሲበዛ ትንፋሼ ይቆማል" ብሎን ነበር። እኛም "ኢማንህን አጠንክር" ብለን ሸኘነው። ከዚያ በኋላ ከጁሙዓ ቀረ። ሶላቱን ከእኛ በላይ የሚጠብቅ ልጅ ነበር።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከጭንቀትና ከሐዘን በአላህ ይጠበቁ ነበር፤ ታከሙም ብለዋል። ከ1,000 ዓመት በፊት የኖሩት አቡ ዘይድ አል-በልኺ "መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ" በተባለው ኪታባቸው የአካልንና የነፍስን ሕመም አብረው አይተዋል። ሰው ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት እንደሚያስቀምጥ፣ ለፍርሃትም ደህና በሆነበት ጊዜ የሚያረጋጋ ሐሳብ አዘጋጅቶ ያቆይ ይላሉ። እኛ ያቆየነው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ "ይህ ባለፈው ጊዜም መጥቶ ሄዷል።"

ሩቅያን አንክድም፤ እንቀራለንም። ግን "ጂን ነው" ተብሎ ኪኒኑን የጣለ ሰው አይተናል፤ ያ ልክ አይደለም። የጫትን ሑክም ለዑለማዎቻችን ትተን፣ ጫት፣ እንቅልፍ ማጣትና ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣ ቡና በእኛ ላይ ነገሩን ሲያብሱት አይተናል።

የጠቀመን አለመሸሽ ነው። መጀመሪያ ላይ ፍርሃቱ እንዳይመጣ ብለን ማሰገድ ተውን፤ ቀጥሎ የፊት ሶፍ አስፈራን፤ በመጨረሻ ጫማ መደርደሪያው አጠገብ ደረስን። በሸሸን ቁጥር ተከተለን። ሐኪሙ እንደመከሩን ተመለስን፦ አንድ ሳምንት በሩ አጠገብ፣ በሌላው አንድ ሶፍ ወደ ፊት። ሲመጣ አንታገለውም፤ በአፍንጫ ቀስ ብለን እንስብና ከሳብነው አስረዝመን እናወጣለን። ቁርኣን ቀስ ብሎ የሚቀራ ሰው ይህን ትንፋሽ ያውቀዋል። ሦስት ወር ፈጀብን። አሁን መግሪብን እናሰግዳለን፣ አልሐምዱሊላህ፤ እጃችን ግን ዛሬም ያልበዋል።

ያንን ወጣት ፈልገን አገኘነው፤ ባጃጅ ይነዳል። ዐፍው አልነው። "እርስዎንም ይይዝዎታል?" አለና ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቁሞ ስለ ሐኪሙ ጠየቀን።

ባለፈው ጁሙዓ በሩ አጠገብ ቦታ ያዝንለት። ኹጥባው ከተጀመረ በኋላ መጣ።