የመስኮቱ ጥላ

የባንክ ገንዘብ ከፋይ ቀኑን የሚጨርሰው በሩ ሲዘጋ አይደለም፤ ሂሳቡ ሲገጥም ነው። ሂሳቡ ከገጠመ ወደ ቤቴ ገብቼ ግጥም እሞክራለሁ። ግጥሙ እምቢ ያለኝ ምሽት ደግሞ የቆየ የወንጀል ፊልም እከፍታለሁ። ከሁሉም አብልጬ የምመለከተው ቢሊ ዋይልደር በ1944 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀውን «ደብል ኢንደምኒቲ» ነው። የምወደውም የምፈራውም በአንድ ምክንያት ነው፤ ወንጀለኛው ሽፍታ አይደለም፤ እንደ እኔ ከረባት አስሮ በማለዳ ቢሮ የሚገባ ደመወዝተኛ ነው።

ዋልተር ኔፍ የኢንሹራንስ ሻጭ ነው። ከአንዲት ባለትዳር ሴት ጋር ተማክሮ ባሏን ይገድላል። ሞቱ የባቡር አደጋ መስሎ ከታየ ውሉ እጥፍ ካሳ ያስከፍላል፤ የፊልሙ ስምም ከዚሁ የመጣ ነው። ታሪኩ ግን የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። የቆሰለ ሰው በሌሊት ወደ መሥሪያ ቤቱ ይገባል፤ የድምፅ መቅረጫ ከፍቶ ለባልደረባው ለኪይስ ይናዘዛል። እንግዲህ ተመልካቹ «ማን ገደለ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ሰው እንዴት እዚህ ይደርሳል?» ይላል እንጂ።

መልሱን ብርሃኑ ይናገራል። የካሜራው ባለሙያ ጆን ሳይትዝ ፀሐይዋን በመስኮቱ ስስ የአግድም መዝጊያዎች መካከል አሾልኮ በሰውየው ገላ ላይ የጥላ መስመር ያሰምርበታል። ኔፍ ገና ምንም ሳይሠራ የእስር ቤቱ ፍርግርግ በልብሱ ላይ አርፏል። በሳሎኑ አየር ውስጥ የሚንሳፈፈው አቧራ በካሜራ እንዲታይ ሳይትዝ የአሉሚኒየም ብናኝ እንዳስበተነ ይነገራል። ዋይልደር ራሱ በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከበርሊን የተሰደደ ሰው ነበር፤ የጀርመን ፊልም ያን ከባድ ጥላ አስቀድሞ ያውቀዋል። በ1946 ፈረንሳዊው ሐያሲ ኒኖ ፍራንክ እንዲህ ያሉትን ፊልሞች «ፊልም ኑዋር»፣ ማለትም ጥቁር ፊልም አላቸው። እኔ ግን ሳያቸው የሚታወሰኝ የእኛው ሰምና ወርቅ ነው። ብርሃኑ ሰም ነው፤ ወርቁ ከጥላው ውስጥ ተቀምጧል።

የእኔን ጥላ ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አንድ ምሽት፣ ሳጥኔን ስዘጋ ሁለት ሺህ ብር ተረፈኝ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ትርፍ በዚያው ቀን ለተቆጣጣሪው ይነገራል፣ ይመዘገባል። ባለፈው ወር ግን ጎድሎብኝ ከደመወዜ ተቆርጦ ነበር። «ሲጎድል የእኔ ከሆነ ሲተርፍስ?» አልኩ በሆዴ። አሥሩን ባለ ሁለት መቶ ኖት በፖስታ አድርጌ ኪሴ ከተትኩ። ማንም አላየኝም። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት አንዲት አዛውንት መስኮቴ ዘንድ መጡ። «ልጄ፣ ትናንት ያወጣሁት ብር ጎደለብኝ። መቼም አንተ አትሳሳትም፤ እኔው መንገድ ላይ ጥዬው ይሆናል፤ ብቻ ልጠይቅ ብዬ ነው» አሉኝ። ፖስታውን አውጥቼ «አዎ እማማ፣ ተርፎ አስቀምጬልዎታለሁ» አልኳቸው። እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው መረቁኝ። ከኋላቸው የተሰለፉት ደንበኞች ፈገግ አሉ፤ ተቆጣጣሪዬም በትጋቴ አመሰገነኝ።

በዚያ ዘመን የሆሊውድ ደንብ ወንጀል ሳይቀጣ እንዲያልፍ አይፈቅድም ነበር። ዋይልደር ኔፍ በጋዝ ክፍል ሲገደል የሚያሳይ ትዕይንት ቀርጾ ነበር፤ በኋላ ግን አወጣው። ፊልሙ የሚያበቃው በቢሮው በር ሥር ነው። ኪይስ በደረቱ ውስጥ ውሸት ሲሸተው የሚጮኽ «ትንሽ ሰውዬ» አለኝ የሚል መርማሪ ነው፤ ከጎኑ የተቀመጠውን ወዳጁን ግን አላየውም። መጨረሻ ላይ ለወደቀው ሰው ሲጋራውን ይለኩስለታል። በፊልሙ ሁሉ ክብሪቱን ሲጭርለት የኖረው ኔፍ ነበር። ያች ትንሽ ነበልባል ከጋዝ ክፍሉ ይልቅ ትከብዳለች፤ ምክንያቱም ኪይስ ሁሉን አውቆ ነው የሚለኩሰው።

እኔን የመረቁኝ እናት ግን አላወቁም። እኔ የተቀበልኩት ቅጣት ምርቃት ሆነ፤ ምርቃት ደግሞ ይግባኝ የለውም። ብዙ ጊዜ በግጥም ልጽፈው ሞክሬ ቤቱ አልመታ አለኝ፤ ግጥም ሳይሆን ኑዛዜ ስለሆነ ይመስለኛል።

ዛሬም አመሻሽ ላይ ፀሐይዋ በመስኮታችን ሾልካ ጠረጴዛዬ ላይ መስመር ታሰምራለች። ብሩን ሁለቴ እቆጥራለሁ። ከዚያም አንድ ጊዜ እጄን አያለሁ።