ከፋዩ አማተር፣ ተከፋዩ ባለሙያ

በአሜሪካ የክለብ መኪና እሽቅድምድም ትልቁ ድግስ «ራኖፍስ» የሚባለው የፍጻሜ ውድድር ነው። ኤስሲሲኤ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ ከ1964 ጀምሮ ያዘጋጀዋል (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ያሸነፈ ሰው የወርቅ ሜዳሊያ ይጠለቅለታል። መኪናና ጎማ አምራቾች በእነሱ ዕቃ ላሸነፈ ማበረታቻ ቢጤ ይሰጡ ይሆናል እንጂ፣ ክለቡ ራሱ የሚከፍለው ሜዳሊያ ነው። ሰኞ ሲነጋ ሻምፒዮኑ መኪናውን ተጎታች ላይ ጭኖ ወደ ጥርስ ሕክምናው፣ ወደ ጋራዡ ወይም ወደ ቢሮው ይመለሳል።

ከእነዚህ መሀል አንዳንዱ፣ በተለይ ወጣቱ፣ «ይህ ነገር ለምን እንጀራዬ አይሆንም?» ብሎ ይነሣል። ፈጣን ነው፤ ሰዓቱ ይመሰክርለታል። ፈጣን ስለሆነም አንድ ቀን ስልኩ ጠርቶ አንድ ቡድን «ና፣ ደመወዝህ ይኸው» የሚለው ይመስለዋል። የብዙዎች ተስፋ የሚመክነው እዚህ ላይ ነው። በስፖርት መኪና ውድድር፣ ጫፍ ላይ ካሉት ጥቂት የፋብሪካ ቡድኖች በቀር፣ ጎማውን የሚገዛው፣ መካኒኮቹን የሚያኖረው፣ የባለሙያውን አሽከርካሪ አበል ጭምር የሚሸፍነው በአብዛኛው ገንዘብ ያለው አማተር ነው። እሱም ተመልካች ሆኖ አይቀመጥም። ተራው ሲደርስ ያችኑ መኪና ይነዳል።

ነገሩ የቆየ ሥር አለው። ክለቡ በ1944 ሲቋቋም የስፖርት መኪና ወዳጆች ማኅበር ነበር፤ በ1950ዎቹም ለገንዘብ መወዳደርን አጥብቆ ይቃወም ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አቋሙ ላላና በ1963 የራሱን የባለሙያዎች ውድድር ጀመረ። በ1966 ትራንስ-አም እና ካን-አም የተባሉት የባለሙያዎች ውድድሮች ተከተሉ። በዚያን ጊዜ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ጆን ቢሾፕ ከአመራሩ ጋር አልስማማ ሲል ለቀቀና፣ በ1969 ከባለቤቱ ከፔጊ ጋር፣ የናስካር መኪና ውድድር መሥራች ቢል ፍራንስ ደግፎት ኢምሳ የተባለውን አወዳዳሪ ድርጅት አቋቋመ። ዛሬ በሰሜን አሜሪካ ወደ ባለሙያነት የሚወጣ የስፖርት መኪና አሽከርካሪ በመጀመሪያ የሚያስበው ኢምሳን ነው።

የመንገዱን ባሕርይ ከማንም በላይ የሚያሳየው ማርክ ዶናሂው ነው። ከብራውን ዩኒቨርሲቲ በመሐንዲስነት የተመረቀው ይህ ሰው በ1961 ኤልቫ ኩሪየር በምትባል ትንሽ መኪና የክለቡ ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነ። ሜዳሊያው ብቻውን ሥራ አልሰጠውም። ያኔ ስመ ጥር አሽከርካሪ የነበረው ዋልት ሃንስገን ችሎታውን አይቶ፣ በ1965 ሴብሪንግ ላይ አንዲት ፌራሪ አብሮት እንዲነዳ ጋበዘው። ከዚያ በኋላ ነው በሩ የተከፈተው። በ1969 የዴይቶናን የ24 ሰዓት ውድድር፣ በ1972 ደግሞ ኢንዲያናፖሊስ 500ን አሸነፈ። ዶናሂው ከሁሉ በፊት ያገኘው ወንበር ሌላ ሰው ያካፈለው ወንበር ነበር። ይህ ከስድሳዎቹ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

የዘመኑ መሰላል በአብዛኛው የሚጀምረው ማዝዳ ሚያታ በምትባል ባለ ሁለት መቀመጫ ክፍት መኪና ነው። በ1989 ለሕዝብ ቀረበች። ዋጋዋ ቀላል፣ ጥገናዋ የማያስቸግር፣ መለዋወጫዋም እንደ ልብ የሚገኝ ስለሆነ በክለብ ደረጃ «ስፔክ ሚያታ» የሚባል ምድብ ተፈጠረላት። ሞተሩም፣ ሞላውም፣ ጎማውም በደንብ ተወስኗል። ጉልበቷ ትንሽ ስለሆነ ማንም ተስፈንጥሮ አያመልጥም፤ ሠላሳና አርባ መኪና አፍና ጭራ ተያይዞ ይሄዳል። ከፊት ያለው ነፋሱን ይሰብራል፣ ከኋላ ያለው በተሰበረው ነፋስ ይሳባል። መሪውን በጉልበት የሚጠመዝዝ ሰው እዚህ ቦታ የለውም። ፍሬን በነካ ቁጥር ፍጥነቱን ይከስራል፤ ያንን ለመመለስ ሙሉ ቀጥታ መንገድ ይፈጅበታል።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ደረጃ በሚያታ ሌላ ስም የሚጠራው ኤምኤክስ-5 ካፕ ነው። ከ2021 ጀምሮ በኢምሳ ሥር ነው የሚካሄደው። እዚህ መኪኖቹ የሚገጣጠሙት በአንድ ቦታ ነው፤ ሞተሩ ታሽጎ ይመጣል፤ ካምቢዮው ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ማርሽ የሚቀያየርበት የውድድር ካምቢዮ ነው። ውድድሩ 45 ደቂቃ ነው። በክለብ ደረጃ «የእሱ ሞተር ከእኔ ይሻላል» የሚል ማመካኛ ነበረ፤ እዚህ የለም። የውድድር ዘመኑ የሚከፈተው ጥር ላይ በዴይቶና ነው። 3.56 ማይል በሚረዝመው በዚያ መንገድ፣ ግድግዳ በሚመስለው ዘንባላ አስፋልት ላይ፣ በመጨረሻው ዙር ከፊት መሆን ራሱ ሥጋት ነው። ከኋላ ያለው በተሰበረው ነፋስ ተወርውሮ መስመሩ ላይ ሲቀድም ብዙ ጊዜ ታይቷል። የክለብ ሻምፒዮን የነበረ ሰው እዚህ ገብቶ አሥራ አምስተኛ ሲወጣ መደንገጡ አይቀርም። የቀደሙት አሥራ አራቱም ሻምፒዮኖች ነበሩ።

ማዝዳ ለዚህ መሻገሪያ የነፃ ትምህርት ዓይነት ድጋፍ ይሰጣል። ከክለቦች፣ ከካርቲንግና ከኮምፒውተር ውድድር የተመረጡ ወጣቶች ይጠሩና ይፈተናሉ። ፈተናው በመንዳት ብቻ አያበቃም። ቃለ መጠይቅ አለ፤ ወጣቱ ራሱን እንዴት እንደሚሸጥ፣ ስፖንሰር ፊት ቆሞ ምን እንደሚል ይታያል። አንዳንድ የእሽቅድምድም ወዳጅ ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል፤ ፍጥነት ብቻ መመዘን አለበት ይላል። ቅሬታው ልብን ቢነካም ትክክል አይደለም። ወጣቱ ወደፊት የሚኖረው ከሰው ጋር ተስማምቶ በመሥራት ነውና ገና በሩ ላይ መፈተኑ ለእሱም ደግነት ነው።

ከዚህ በላይ ሁለት አሽከርካሪዎች አንድ መኪና የሚጋሩበት ሚሽለን ፓይለት ቻሌንጅ አለ። ፎርድ ሙስታንግ፣ ቢኤምደብሊው ኤም4፣ ፖርሼ ኬይማን የመሳሰሉ ጂቲ4 የሚባሉ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰዓት፣ በዴይቶና ደግሞ አራት ሰዓት ይሮጣሉ። የከፋዩና የተከፋዩ ጉዳይ በግልጽ የሚታየው እዚህ ነው።

ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ኤፍአይኤ አሽከርካሪዎችን በአራት ደረጃ ይከፍላል፤ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ፣ ፕላቲነም። የመጀመሪያ የውድድር ፈቃዱን ሠላሳ ዓመት ሞልቶት ካወጣና በሌላ ውድድር ብዙ ካልሠራ፣ አሽከርካሪው በአብዛኛው ነሐስ ይሆናል፤ ዕድሜውን ሙሉ ንግድ ላይ ቆይቶ ዘግይቶ የመጣው ሰው ማለት ነው። ብዙ ምድቦች በአንድ መኪና ውስጥ ነሐስ እንዲኖር ያስገድዳሉ። በዓለም የጽናት ውድድር ከ2024 ጀምሮ በኤልኤምጂቲ3 ምድብ ያለ ነሐስ አሽከርካሪ መሰለፍ አይቻልም። ሕጉ እንዲህ የተጻፈው ያለ ነሐሱ ሰው ገንዘብ መኪኖቹ ከጋራዥ ስለማይወጡ ነው።

ወጣቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ብር ይባላል። ሕጉ ብር በሚጠይቅበት ቦታ ሁሉ፣ በወረቀት ብር ሆኖ በሰዓት ግን ወርቅን የሚያክል ልጅ ተፈላጊ ነው። ይህ ልጅ ሲያሸንፍ ሲያሸንፍ አንድ ክረምት ደረጃው ወደ ወርቅ ከፍ ይላል። ቤተሰብ ደስ ይለዋል፤ ሥራው ግን ሊቀዘቅዝ ይችላል። አሁን የሚወዳደረው ለዓመታት ከፋብሪካ ጋር ከሠሩ ወርቆችና ፕላቲነሞች ጋር ነውና። ለዚህ ነው ደረጃቸው ከፍ ሲል እንደገና እንዲታይላቸው የሚያመለክቱ አሽከርካሪዎች ያሉት። አንድ ስፖርት ጎበዝ ልጅ በማሸነፉ እንዲጨነቅ ሲያደርግ ማየት ያሳዝናል። የሚሻል መላ ግን እስካሁን አልተገኘም።

ታዲያ ባለሙያው ቀን በቀን ምን ይሠራል? በውድድር ዋዜማ ማታ የቡድኑ ተጎታች ውስጥ አንድ ላፕቶፕ ይከፈታል። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመሮች ተደራርበው ይሄዳሉ፤ የፍሬን ግፊት ናቸው። የባለሙያው መስመር ቀጥ ብሎ ይወጣና ወደ ኩርባው ሲጠጋ ቀስ እያለ ይወርዳል። የአማተሩ እያመነታ ይወጣል፣ እዚያው ይቆያል፣ ድንገት ይወድቃል፣ ከዚያ አንዲት ትንሽ ጉብታ ትታያለች፤ ፍሬኑን ቶሎ ይዞ፣ ቶሎ ለቅቆ፣ ሥጋት ሲገባው እንደገና ነክቶታል። በአንድ ኩርባ ሁለት አሥረኛ ሰከንድ ነው፤ አሥር ኩርባ ላይ ሁለት ሰከንድ ይሞላል። የሃያ ስድስት ዓመቱ ልጅ የሃምሳ አምስት ዓመቱን የኩባንያ ባለቤት ቁጭ አድርጎ ይህን ሁሉ ጥፋት በአንድ ማታ ቢዘረዝርበት፣ ነገ መኪናው ግድግዳ ላይ ነው። ጎበዙ ላፕቶፑን ይዘጋና «ነገ አንድ ነገር ብቻ ይሞክሩልኝ፤ ፍሬኑን ሲለቁ ቀስ ይበሉ» ይላል።

በማግስቱ መኪናው ለቅያሪ በሚቆምበት ፒት ውስጥ ሲቀያየሩ ያው መተሳሰብ በእጅ ይታያል። የሚወጣው ቀበቶውን ፈትቶ ከወንበሩ ጋር የሚለካለትን ስፖንጅ ይዞ ይዘላል፤ ወዲያው ዞሮ ለሚገባው የትከሻ ቀበቶውን ያቀብላል፣ የሬዲዮውን ገመድ ይሰካል፣ በሩን ዘግቶ ይሸሻል። መካኒኮቹ ቸርኬ እየፈቱ ነው። አንድ ቀበቶ ከተጣመመ የሁለት ሰዓት ልፋት እዚያው ይቀራል።

አማተሩ ግን ገንዘብ አምጪ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ፖል ኒውማን የፊልም ተዋናይ ነበር፤ በ1969 የወጣ አንድ የእሽቅድምድም ፊልም ሲሠራ ነው ነገሩ ልቡ የገባው። መወዳደር የጀመረው በ1972 ነው፤ ዕድሜው 47። ስሙ ሰው እንዳይሰበስብበት «ፒ. ኤል. ኒውማን» ብሎ ተመዘገበ። ከታች ጀምሮ፣ በክለብ ውድድር፣ አራት ዓመት ቆይቶ በ1976 ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነ፤ በጠቅላላው አራት ጊዜ። በ1979 በለማን 24 ሰዓት ከመኪናው ባለቤት ከዲክ ባርበርና ከጀርመናዊው ባለሙያ ከሮልፍ ሽቶመለን ጋር ፖርሼ 935 ነድቶ በአጠቃላይ ሁለተኛ ወጣ። በ1995፣ ሰባኛ ልደቱን ካከበረ ከቀናት በኋላ፣ ዴይቶና ላይ ምድቡን ካሸነፈው ቡድን አንዱ ነበር። ገንዘብና ዝና ወንበር ሊያስገኙ ይችላሉ። ሃያ ሦስት ዓመት መማርን ግን አይገዙም።

ከዚያኛው ወገን ደግሞ ኬንተን ኮክ አለ። በ2014 ኤምኤክስ-5 ካፕን አሸነፈ፣ በ2015 የፕሮቶታይፕ ላይትስ ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2016 ዴይቶና 24 ሰዓት ላይ ምድቡን ካሸነፉት አራት አሽከርካሪዎች አንዱ ሆነ። ኮነር ዚሊሽ በዚያው የሚያታ ውድድር አልፎ በ2024 ዴይቶና ላይ በኤልኤምፒ2 ምድብ ሲያሸንፍ 17 ዓመቱ ነበር። አብሮት ያችኑ መኪና ከነዱት አንዱ ድዋይት ሜሪማን ነው፤ የሞንጎዲቢ ሶፍትዌር ኩባንያ ተባባሪ መሥራች። በዕድሜ ልጁ ሊሆን ከሚችል ወጣት ጋር አንድ መድረክ ላይ ቆመ። ሁለቱ ሰዎች የሚገናኙበት ሌላ ስፖርት መፈለግ ድካም ነው።

በጎን በር የገቡም አሉ። ኒሳንና ፕሌይስቴሽን በ2008 ጂቲ አካዳሚ የተባለ ውድድር ከፍተው በቪዲዮ ጌም ጎበዝ የሆኑትን መለመሉ። የመጀመሪያው አሸናፊ ስፔናዊው ሉካስ ኦርዶኔስ በ2011 ለማን ላይ በምድቡ ሁለተኛ ወጣ፤ እንግሊዛዊው ጃን ማርደንቦሮ በ2013 በዚያው ምድብ ሦስተኛ። ለእነሱ አማተሩን የተካው ፋብሪካው ነበር፤ አንድ ሰው ግን የግድ መክፈል ነበረበት።

እንግዲህ ከክለብ ወደ ባለሙያነት ለሚያስብ ሰው ጥያቄው «ምን ያህል ፈጣን ነኝ?» ብቻ አይደለም። ፓራፋንጎ ሳያጣምም ስንት ውድድር ይጨርሳል? የተጣመመውን ማን ይከፍላል? በዕድሜ ለሚበልጠው ሰው ሳያሳፍረው ማስተማር ይችላል? ስልክ ለመደወልና «አይሆንም» ለመስማት ትዕግሥት አለው? እነዚህን ያልመለሰ ሰው የክለቡ ሜዳሊያ ላይ ቢቆም ይሻለዋል፤ እዚያም ክብር አለ፣ ዕዳ ግን የለም። የቤት ማስያዣ ይዞ አንድ የውድድር ዘመን መግዛት ማንም ሊመክረው የማይገባ ነገር ነው።

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ አንባቢዎች፣ በተለይ መኪና የሚወድ ልጅ ላላችሁ፣ መጀመሪያው ሩቅ አይደለም። ዌስት ቨርጂኒያ ጄፈርሰን ካውንቲ ውስጥ ሰሚት ፖይንት የሚባል፣ 2 ማይል ርዝመትና 10 መታጠፊያ ያለው የውድድር መንገድ አለ፤ የኤስሲሲኤ የዋሽንግተን ቅርንጫፍ እዚያ ያወዳድራል። መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ቅዳሜና እሑድ ሄዳችሁ ተመልከቱ። ክለቡ ባንዲራ የሚያውለበልቡ በጎ ፈቃደኞችን አሠልጥኖ ያሰማራል፤ ልምድም ገንዘብም አይጠይቅም። አንድ የውድድር ዘመን ከኩርባው ዳር ቆሞ ሌሎች እንዴት እንደሚሳሳቱና እንዴት እንደሚያልፉ ያየ ሰው፣ የመጀመሪያ ፈቃዱን ሲያወጣ ከብዙዎች ይቀድማል። ተመዝገቡ።