የካርታው ጠርዝ

ሰሞኑን ማታ ማታ ከንቲባ ሆኛለሁ። ደመወዝ የለውም፤ እንቅልፍም የለውም። «ሲቲስ ስካይላይንስ» የሚባለውን የከተማ ግንባታ ጌም ነው የምጫወተው። ፊንላንድ፣ ታምፐሬ ከተማ ያለ ኮሎሳል ኦርደር የተባለ ትንሽ ኩባንያ የሠራውና በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ሲጀመር ባዶ መሬት፣ አንድ ወንዝና 70,000 የጌም ብር ይሰጣችኋል። ከዚያ በኋላ ያለው የናንተ ጣጣ ነው።

የመጀመሪያዋ ከተማዬ ገና ሳትጠና ታመመች። በየቤቱ አናት ላይ የሕመም ምልክት ብቅ ብቅ አለ፤ መንገዱን አምቡላንስ ሞላው፤ ቆይቶ አስከሬን የሚያነሳው መኪና መድረስ አቃተው። ክሊኒክ ጨመርኩ። አሁንም ጨመርኩ። ብሩ አለቀ። በመጨረሻ ካሜራውን ወደ ወንዙ ዝቅ ሳደርገው ጉዴን አየሁ፦ የፍሳሹን ቱቦ ከላይ፣ የውሃ መሳቢያውን ከታች ነው የተከልኩት። ቡናማው ውሃ ቁልቁል እየተግተለተለ ቀጥ ብሎ መሳቢያው ውስጥ ይገባል። ሕዝቤን የራሱን ፍሳሽ መልሼ ሳጠጣው ነው የከረምኩት።

ቦታ አቀያየርኳቸው፤ መሳቢያው ላይ፣ ፍሳሹ ታች። ከተማዋ ዳነች። ፍሳሹስ? ወንዙን ተከትሎ ይወርድና ካርታው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይጠፋል። ከጠርዙ ወዲያ የሚታመም የለም፣ አቤት የሚል የለም። እውነቱን ልናገር? በጣም ተመችቶኝ ነበር።

ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ገበያ ወጣን። «ይሄ ቆስጣ የት የበቀለ ነው?» አለች እንደልማዷ። «የዝዋይ ነው ማዘር!» አምናም የዝዋይ ነበር። «የአቃቂ ነው» ያለ ሻጭ እስካሁን አላጋጠመኝም። እሷም አታምንም፤ ቤት ስትገባ ሦስቴ አጥባ አቸቶ ባለበት ውሃ ትዘፈዝፈዋለች።

ለምን እንደምትጠይቅ የአዲስ አበባ ሰው ያውቃል። ከእንጦጦ ወገን የሚወርዱት ወንዞች በመሃላችን ሲያልፉ የቤቱን ፍሳሽ፣ የጋራዡን ዘይት፣ የፋብሪካውን እጣቢ ተሸክመው አቃቂ ይደርሳሉ። ታች ያለው ገበሬ ደግሞ ያንኑ ውሃ ጠልፎ ጎመንና ሰላጣ ያጠጣል። እኛ ላይ ሆነን እሱን ስንወቅስ፣ ከላይ ቆሞ ከታች ያለችውን አህያ «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» ያላትን ጅብ እንመስላለን። መልሷን ታውቁታላችሁ፦ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ።»

የአቃቂ ወንዝ አባ ሳሙኤል ግድብ ገብቶ የአዋሽን ወንዝ ይቀላቀላል። አዋሽም 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳያይ፣ አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። እስከዚያ ድረስ ዳር ዳሩን ሰው አለ፣ ከብት አለ፣ እርሻ አለ።

የዚያኑ ማታ ጌሙን ከፍቼ የፍሳሽ ማጣሪያ ሠራሁ። ለትምህርት ቤት ያጠራቀምኩት ብር ሄደ። ከነዋሪዎቼ አንድም ልዩነቱን ያስተዋለ የለም፤ የነሱ ውሃማ ድሮም ንጹሕ ነበር። ማጣሪያው ለነሱ አይደለም። ከጠርዙ ወዲያ ላለው ነው።