ትልቁ ወይስ ትንሹ?

ለ2000 ዓ.ም. አዲስ ዓመት፣ ለሚሌኒየሙ ማለት ነው፣ ከዋሽንግተን ሊመጣ ያሰበው ወንድሜ ደውሎ «የትኛውን ካሜራ ላምጣልህ?» አለኝ። ኪስ የሚገባው ትንሹ ሰባት ሚሊዮን ፒክስል አለው፤ ሌንሱ የሚፈታው ኒኮን ዲ40 ግን ስድስት። «ታዲያ ስድስቱ ከሰባቱ በዋጋ የሚበልጠው ለምንድን ነው?» ብሎ ተገረመ።

እኔ ሆዬ አንብቤ ነበር። ቁም ነገሩ የፒክስሉ ቁጥር ሳይሆን ብርሃን የሚቀበለው የሴንሰሩ ስፋት ነው፤ የትልቁ ከትንሹ ከአሥር እጥፍ በላይ ይሰፋል። በእናታችን ሳሎን፣ በአንዲት አምፖል፣ ያለ ፍላሽ ማንሳት የሚችለው እሱ ነው። ደግሞም ትንሹ ቁልፉን ከተጫኑት በኋላ ጥቂት ያስባል፤ እሱ እስኪያስብ ልጅ ሮጦ ያልፋል። «ትልቁን!» አልኩት። (አንገት ላይ ሲንጠለጠል የሚሰጠው ግርማ አላማረኝም ብል ውሸት ነው።)

በበዓሉ ዕለት እማዬ ቡና እየቆላች፣ ከጎረቤት ጋር እየተሳሳቀች ሳለ ያንን ጥቁር ዕቃ አነሣሁባት። ሳቋ ቀጥ አለ። «ቆይ አንተ ልጅ፣ ነጠላዬን ላስተካክል!» አለችና ለመታወቂያ እንደሚነሣ ሰው ድርቅ ብላ ጠበቀችኝ። ከዚያ በኋላም ካሜራውን ባወጣሁ ቁጥር እንዲሁ ነበረች።

እማዬ ካረፈች ስምንት ዓመት ሆናት። እኔ ባነሣኋቸው ፎቶዎች ላይ የነጠላዋ ጥለት ክር በክር ይቆጠራል። የምትስቅበት ግን አንድ ብቻ ነው፤ እህቴ ከሥራ ባልደረባዋ በተዋሰችው ትንሽ ካሜራ ያነሣችው። ደብዘዝ ያለ ነው፤ ፍላሹ ግንባሯን ነጭ አድርጎታል፤ ግማሽ ጀበና በጥግ በኩል ገብቶበታል። ሳሎን የሰቀልነው እሱን ነው።