ሬዚስታንስና የእናቴ ምጣድ

የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጠግኑ ሰዎች ከሸክላው ሥር የተጠመጠመውን ሽቦ «ሬዚስታንስ» ይሉታል። ብዙዎቻችን ይህንኑ ቃል በፊዚክስ ክፍል ስንሰማ የመጽሐፍ ነገር ብቻ ይመስለን ነበር፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። ሕጉን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1827 አሳትሞ ያወጣው ጌዎርግ ኦምም በኮሎኝ ከተማ እንደ መምህሮቻችን የትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በቤታችን የተነሣ ክርክር ነው። እናቴ ማታ ስትጋግር እንጀራው ዐይን አላወጣ፣ ከምጣዱም አልላቀቅ አለ። እንጀራ ሸጣ ስለምታስተምረን ነገሩ ቀላል አልነበረም። አንድ ጠጋኝ መጥተው አዩና፣ «ሽቦው ደክሟል፤ ሩቡን ቆርጠን ብናሳጥረው ይበረታል» አሉ። እናቴ ልትስማማ ስትል፣ አስቀድመን እናስላ ብዬ ለመንኋት።

በምጣዱ ላይ 220 ቮልትና 16 አምፔር ተጽፎአል። ቮልቱ ለአምፔሩ ሲካፈል 13.75 ኦም ይሆናል፤ ሬዚስታንሱ ይህ ነው። ሁለቱ ሲባዙ 3520 ዋት ይወጣል፤ ይህ ደግሞ ኀይሉ ነው። ምጣዱን ከሶኬት ነቅለው በራሳቸው መለኪያ ቢለኩት ወደ 13 ተኩል ኦም ሆነ። እንግዲህ ሽቦው ምንም አልደከመም።

ማታ በ1 ሰዓት ግን በሶኬቱ ላይ የተገኘው 176 ቮልት ብቻ ነበር። ይህ ለ13.75 ሲካፈል 12.8 አምፔር፣ ኀይሉም 2253 ዋት ያህል ነው። ልብ በሉ፤ ቮልቱ የቀነሰው ከመቶ 20 ሲሆን ኀይሉ ከመቶ 36 ቀነሰ። ቮልት ሲወርድ አምፔሩንም ይዞት ይወርዳልና።

የጎደለው ቮልት ወዴት ሄደ? ቤቱ ሁሉ በአንድ ሰዓት ምጣድ ሲያበራ በሰፈሩ መስመር ብዙ አምፔር ያልፋል፤ መስመሩም የራሱ ሬዚስታንስ ስላለው ቮልቱ በመንገድ ይቀራል። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም እንዳለው ሰምተን እልል ብለናል፤ ያ ሁሉ ኀይል ግን ወደ ጓዳችን የሚገባው በዚሁ በሰፈራችን ሽቦ ነው።

አሁን ወደ ጠጋኙ ምክር እንመለስ። ሽቦው ሩቡ ቢቆረጥ 10.3 ኦም ይቀራል። ማታ በ176 ቮልት 3000 ዋት ያህል ይሰጣልና እናቴን ደስ ባሰኛት ነበር። ነገር ግን ሰፈሩ ተኝቶ ቮልቱ ወደ 220 ሲመለስ ከ21 አምፔር በላይ ይስባል። ሶኬታችን የተሠራው ለ16 ነው! ግድግዳችን እንጨትና ጭቃ፣ ከሶኬቱ አጠገብም የታናናሾቼ መኝታ ነው። ጠጋኙ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መቁረጫቸውንም ወደ ከረጢታቸው መለሱ። እናቴ የድካማቸውን ከፍላ ሸኘቻቸው።

ከዚያ ወዲህ የምትጋግረው ከሌሊቱ በ10 ሰዓት ነው። ከጣርማ በር የሚወርደው ጉም ደብረ ሲናን በሚሸፍንበት በዚያ ብርድ መነሣት ጭንቅ ነው፤ መለኪያው ግን 218 ያሳያል፤ እንጀራውም ዐይናማ ሆኖአል። አንዲት ጎረቤታችን ምሥጢሩን ጠይቃ እርሷም በዚያው ሰዓት ጀምራለች። ሌሎቹም ከሰሙ 218ቱ እንደማይቆይ ለእናቴ ነግሬአታለሁ፤ እርሷ ግን፣ «ታዲያ ልደብቃቸው?» አለችኝ።